አሥራ ሦስት ግድግዳ መልሰው የከፈቱት ለሳኝ የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን፣ በሥራ ባልደረቦቻቸውና ቤት በሠሩላቸው ሰዎች ዘንድ «ጋሼ ቆይ» በሚል ስም የሚታወቁት፣ ከዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት በፊት ከጭነት መኪና ሾፌሩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለቤተሰቡ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያዋ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እህታቸው ናት፤ በሰባት ዓመት ትበልጣቸዋለች። ቤተሰቡ «አንቺ ጻፊው» ያላት የተወለዱበትን ቀን በዓይኑ ያየ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው እንጂ የመጻፍ አቅም ኖሯት አይደለም። ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትላቸው ኖራ ዛሬ «እሳቸው» ብሎ መጻፍ ከብዷታል። ቢሆንም ወጉ እንዲህ ነውና ትጽፋለች። በመሀል ብትደነቃቀፍ ታገሷት፤ ደክሟታል።

አወላለዳቸው የችኩል ነበር። አዋላጇ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ደረሱባት። በወጉ መሄድ ሳይችሉ መሮጥ ጀመሩ፤ ግንባራቸው ላይ የነበረችው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ናት። «ቆይ» የሚለው ቃል በዚያ ቤት በቀን ሃያ ጊዜ ይሰማ ነበር፤ ተናጋሪዋ እናታቸው፣ የማይሰሙት ደግሞ እሳቸው። በጎልማሳነታቸው ይኸው ቃል ስማቸው ሆኖ ሲወጣ ከሁሉም በላይ የሳቀችው እህታቸው ናት።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ ከአውቶብስ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ። ጽሑፋቸው ግን ዶሮ የጫረው መሬት ይመስል ስለነበር፣ መልሱ ልክ ይሁን አይሁን መምህራኑ እሳቸውን ራሳቸውን ጠርተው ማስነበብ ነበረባቸው። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው የአባታቸው ዓይን ደክሞ መኪና መንዳት ሲያቆሙ፣ በማሠልጠኛ ተቋም አንድ ዓመት ግንበኝነትና ልስን ተምረው ወደ ሥራ ገቡ። አምስት ዓመት በየሕንፃው ለሰኑ። ፎርማኖች የሚወዷቸው ለፍጥነታቸው ነበር።

በሃያ አራት ዓመታቸው ከእህታቸው ባለቤት፣ ከአናጢው ጋር በሽርክና መሥራት ጀመሩ። አናጢው ዝምተኛ፣ እሳቸው ለፍላፊ። አናጢው ሦስት ጊዜ ሳይለኩ መጋዝ አያነሱም፤ እሳቸው ደግሞ ሜትሩን ከኪሳቸው ያወጡ የነበረው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። እንዴት እንደሚስማሙ ማንም አያውቅም፤ ግን ተስማምተው ሠሩ። በዚያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብለው ያሉ ገበሬዎች ከአጨዳ በኋላ ጭዳቸውን በማሽን እያሳሰሩ ከፊሉን ለከብት ያስቀምጡ፣ የተረፈውን ያቃጥሉት ነበር። ሁለቱ ያ የሚቃጠለው የጭድ እስር እንደ ብሎኬት ተደርድሮ ቤት እንደሚወጣው ከአንድ የግንባታ ሥልጠና ሰምተው መጡ።

አሠራሩን ለማያውቁ በአጭሩ እንዲህ ነው። የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት እስከ ጉልበት ይወጣል፤ ጭድ መሬት መንካት የለበትም። በላዩ የጭዱ እስር መገጣጠሚያው እየተፈራረቀ ይደረደራል፣ በእንጨት ችካል እርስ በርስ ይወጋል፣ ጣሪያው ከግድግዳው ብዙ ወጣ ተደርጎ ይከደናል፤ ከዚያ ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም ይለሰናል። ውፍረቱ አንድ ክንድ ሙሉ ነው። ቤቱ በሙቀት ቀን ይቀዘቅዛል፣ በብርድ ቀን ይሞቃል፣ የጎረቤት ሬዲዮም አይገባበትም።

የሰፈሩ ሰው ግን ሳቀባቸው። «አንድ ፍየል ከመጣባችሁ ቤት አልባ ናችሁ» ይሏቸው ነበር። ቤት ያሠሩት ሰዎችም አፈሩ፤ ጭድና ጭቃ የደሃ ቤት ነው የሚለው ነገር ከሰው ልብ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ወንድማችንና አናጢው ዘዴ ፈጠሩ። ጭዱን ሽቦ አልብሰው በሲሚንቶ ለሰኑት። ሲሚንቶው ሳይጠነክር ደግሞ ገመድ ወጥረው በምስማር መስመር አሰመሩበት፤ አግድም አንድ፣ ቁም አንድ፣ ልክ ብሎኬት በብሎኬት ላይ ተደርድሮ እንደተገጠመ። ከመንገድ ለሚያየው ደንበኛ የብሎኬት ቤት ነው። ሳቁ ቆመ፣ ሥራው ጎረፈ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ቤት በዚሁ መንገድ ሠሩ። አሥራ አራተኛው የእህታቸውና የአናጢው የራሳቸው ቤት ነበር።

የዚያን ቤት መስመር አናጢው ብቻቸውን ነው ያሰመሩት፤ ወንድማችን በጥድፊያቸው እንዳያበላሹት እጃቸውን እንዳያሳርፉ ተከልክለው ነበር። እህታቸው ስለወደደችው ከውጭ ብቻ ሳይሆን የመኝታ ክፍሏ ግድግዳም ከውስጥ ተሰመረላት። አናጢው ሁለት ቀን ተንበርክከው፣ ምስማሩን በሱሪያቸው እየጠረጉ ሠሩት። ከአልጋው ራስጌ በላይ አንዷ መስመር ትንሽ ተንሻፋለች፤ እህታቸው ሻይ ስታቀብል ክርናቸውን ስለነካቻቸው ነው። «ይቺን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» እያሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሲቀልዱባት ኖረዋል።

ወንድማችን በሃያ ሰባት ዓመታቸው የሒሳብ መምህርት ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው በትዳራቸው ሠላሳ አራት ዓመታት ከደጃፉ ላይ ጫማ አስወልቀው፣ ካልሲ አስራግፈው፣ አንዳንድ ቀንም ሱሪ አስወልቀው ነው ወደ ቤት ያስገቧቸው። «ያገባሁት ሰውየውን ይሁን ጭቃውን እስካሁን አልለየልኝም» ይላሉ። ልጆቻቸው ግን አባታቸው ሲገቡ ኪሳቸውን ይፈትሹ ነበር፤ ከረሜላና የደረቀ የሸክላ አፈር እኩል ይገኝበት ስለነበረ።

ወንድማችን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው አናጢው በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፉ። ከእህታቸው ጋር ልጅ አልወለዱም። ለእሷ የቀራት አንድ የመሣሪያ ሳጥንና ያ ቤት ነበር።

ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ዓመት፣ ከአሥራ አራቱ ቤቶች በአንዱ የሚኖሩ ጡረተኛ ፖስተኛ ወንድማችንን አስጠሯቸው። የቀን መቁጠሪያ ለመስቀል ምስማር ቢመቱ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ ምስማሩ እስከ ራሱ ሰምጧል፤ ሲያወጡትም ረጥቦ ወጥቷል። ወንድማችን ግድግዳውን በመዶሻ ከፈቱት። ጭዱ ጠቁሮ፣ ፍግ ሆኖ፣ በእጅ እየተዘገነ ወጣ። ነገሩ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ጭድ ውስጥ እርጥበት መግባቱ አይቀርም፤ ዝናብ ባያገኘው የቤቱ እንፋሎት ያገኘዋል። የሸክላ አፈር ልስን ያንን እርጥበት ጠጥቶ መልሶ ወደ ውጭ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ግን ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ውሃ ያስገባና አፍኖ ይይዘዋል። የሰው ሳቅ ፈርተው የሸፈኑት ጭድ ውስጥ ውስጡን ሲበሰብስ ኖሯል። ፖስተኛው በዚያ ግድግዳ ሥር አሥራ ሦስት ዓመት ተኝተዋል፤ ሳላቸውንም የዕድሜ ነው ብለው ትተውታል።

ወንድማችን ቤታቸው ገብተው ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረዱም። በሦስተኛው ቀን ተነሥተው፣ ከፖስተኛው ቤት ይዘውት በመጡት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ፣ በዚያ በማይነበብ ጽሑፋቸው፣ የአሥራ አራቱን ቤቶች አድራሻ ጻፉ። ሁሉንም ከፍተው ሳያስተካክሉ ላይሞቱ ለራሳቸው ቃል ገቡ። ቃሉን የሰሙት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ «እነሱን እስክትጨርስ እኛ ምን እንሁን?» ብለው ጠየቋቸው። በማግሥቱ ጠዋት ግን ምሳቸውን ቋጥረው ሰጧቸው።

በቅድሚያ የሄዱት ወደ እህታቸው ነበር። «የኔን መጨረሻ አድርገው» አለቻቸው። እሺ ብለው ወጡ።

አሥራ ሦስቱ ቤቶች አሥራ ሦስት ዓመት ፈጁ። አንድን ግድግዳ ከፍቶ፣ የበሰበሰውን አውጥቶ፣ ደረቅ ጭድ ተክቶ፣ በአፈርና በኖራ እንደገና ለመለሰን አንድ ሙሉ በጋ ይወስዳል፤ በዚያ ላይ የዕለት እንጀራቸውም ሥራ አለ። በር አንኳኩተው «ቤታችሁን ላፈርስ መጥቼ ነው» ሲሉ ሰው ምን ይበል? አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሊመታቸው ተነሣ። የአንዱ ቤት ባለቤት የሆነች ፋርማሲስት በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው፤ ወንድማችን ደረጃው ላይ ሦስት ቀን ጋዜጣ እያነበቡ ተቀመጡ፤ በአራተኛው ቀን «ግባና የምታፈርሰውን አፍርስ፤ ጎረቤቱ ባሌ መስለኸዋል» ብላ አስገባቻቸው። ቤታቸውን ሸጠው የሄዱም ነበሩ፤ ለአዲሱ ገዢ ሁሉንም ከመጀመሪያው ማስረዳት ነበረባቸው። ስህተቱን ሁለት ሆነው የሠሩት ቢሆንም አንድም ቀን የአናጢውን ስም አላነሱም። «እኔ ነኝ የለሰንኩት» ነበር የሚሉት።

ስማቸው የወጣው በእነዚህ ዓመታት ነው። የራሳቸውን ቤት በራሳቸው እጅ መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ባልና ሚስት፣ ጭቃውን ሊማሩ ይመጡ ጀመር። ጉድጓድ አስቆፍረው አፈሩን በወንፊት ያስነፋሉ፣ ከአሸዋና ከተቆራረጠ ጭድ ጋር በእግር ያስረግጣሉ፣ ከዚያ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆኑ ስድስት የሙከራ ልስኖች፣ እያንዳንዱ በተለያየ መጠን ተቀይጦ፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። «የትኛውን እንምረጥ?» ሲባሉ «ቆይ» ይላሉ። ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ሸክላው በዝቶበታል፤ በጣት ሲታሽ የሚራገፈው አሸዋው በዝቶበታል። ይህን ለማየት ሳምንታት ያልፋሉ። የመጀመሪያው ልስን ሳይደርቅ ሁለተኛውን ለመደረብ የሚጣደፉትንም «ቆይ» ይሏቸዋል። ዝናብ ሲመጣ «ቆይ»፣ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ልስኑ ቶሎ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ እያለበሱ «ቆይ»። እህታቸው አንድ ቀን ከጉድጓዱ ዳር ሆና ይህን ሰምታ፣ እናታችን ተነሥተው ይህን ጉድ ባዩ ብላ እስኪያማት ሳቀች። ሃያ ሰባት ቤተሰቦች በዚህ መንገድ ቤታቸውን ሠርተዋል፤ ብዙዎቹ ዛሬ እዚህ አሉ።

አሥራ ሦስተኛው ግድግዳ ሲያልቅ ወንድማችን ሃምሳ አራት ዓመት ከስድስት ወር ሆኗቸው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እህታቸው ዘንድ መጥተው ተቀመጡ። «እንግዲህ ተራሽ ደርሷል» አሉ። «አይሆንም» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ዓመታት ቅዳሜዎች አንድ ዓይነት ነበሩ። ይመጣሉ፣ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ይቀመጣሉ።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ምን?»

«ግድግዳው ነዋ።»

«ሻይህን ጠጣ።»

አንድ ቅዳሜ መዶሻ ይዘው መጡ። እህታቸው በግድግዳውና በእሳቸው መካከል ቆማ ዛሬ እዚህ ልትደግመው የማትፈልገውን ቃል ተናገረቻቸው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ አናጢው ፎቶ መነሣት አይወዱም ነበር፣ ደብዳቤም ጽፈው አያውቁም፤ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የምታየው የእጃቸው ሥራ ያ መስመር ብቻ ነበር። ወንድማችን መዶሻውን መሬት አስቀምጠው ወጡ። እህታቸው አምስት ወር በር አልከፈተችላቸውም። በስድስተኛው ወር ባዶ እጃቸውን መጡ። «መስመሩን ለክቼ፣ አዲሱ ልስን ላይ እንዳለ እመልስልሻለሁ» አሉ። «አንተ? ገመድ መወጠር የማታውቀው?» አለቻቸው። ሁለቱም ሳቁ፤ ግን አልፈቀደችም።

የወንድማችን ሳል የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሐኪሞች ሳንባቸው ጠባሳ እንዳወጣ፣ ይህንንም ለዓመታት የተነፈሱት የኖራና የሻገተ ጭድ ብናኝ እንዳደረሰባቸው ነገሯቸው። እነዚያን አሥራ ሦስት ግድግዳዎች ሲከፍቱ ብዙውን ጊዜ አፍና አፍንጫቸውን በመሐረብ እንኳ አልሸፈኑም። በሁሉም ነገር ቆይ የሚሉት ሰው ለራሳቸው መሐረብ ለማሰር ጊዜ አላገኙም። ከዚያ ወዲህ እህታቸው ምክንያት አገኘች። «ሳልህ ይሻልህና እንከፍተዋለን» ትላቸው ነበር። ለሚሰማው የአሳቢ እህት ቃል ነው። እሷ ግን ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትናገራለች፤ ለሳሉ ብላ አልነበረም። እንደማይሻላቸው ታውቅ ነበር። እሷም ራሷ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ታስላለች፤ ለማንም አልተናገረችም፣ እሳቸው ግን በአንዱ ቅዳሜ ሰምተው አቀርቅረው ቀሩ።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሆስፒታል ተኝተው በባለቤታቸውና በልጆቻቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተዋል። ባለቤታቸው የአልጋቸውን አንሶላ እያስተካከሉ «እንዲህ ንጹሕ ሆነህ አይቼህ አላውቅም» ሲሏቸው ፈገግ ይሉ ነበር። ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት እህታቸውን አስቀርበው፣ በኦክስጅኑ ቱቦ መሀል በየቃሉ እየተነፈሱ ተናገሯት። እንድትከፍተው አልጠየቋትም።

«አልጋሽን ብቻ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዙሪው። እሱ የውስጥ ነው፣ ዝናብ አያገኘውም።»

«እሺ» አለቻቸው።

አላዞረችውም። ከሆስፒታል ስትመለስ ይደክማት ነበር፤ ነገ ትል ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ መስመሩን ወደ ጎን ሆና ማየት አልፈለገችም።

ወንድማችን ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘዋቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። አሥራ ሦስት ደረቅ ቤቶችና በእጃቸው ጭቃ መርገጥ የተማሩ ሃያ ሰባት ቤተሰቦችም ትተዋል።

የሕይወት ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። እህታቸው ግን አንድ ነገር ቀርቷታል።

ማክሰኞ ከሰዓት ጥቁር ልብሷን ልትወስድ ቤቷ ገባች። ልብሱን ሳታወጣ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ተነሥታም አልጋውን ከግድግዳው ሳበችው። ከራስጌው በስተጀርባ ያለው ሲሚንቶ እስከ ትራሷ ከፍታ ጠቁሯል። የአናጢውን ሳጥን ከፍታ መዶሻ አወጣች። ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ነው፤ ክንዷም ደካማ ነው፤ ሦስት ምት ግን በቃው። ሲሚንቶው መስመሩን እንደያዘ በሰፊው ተገምሶ ወለሉ ላይ ወደቀና ተሰባበረ። እጇን ሰደደች። ክንዷ እስከ ክርኗ ገባ፤ ያገኘችው ሁሉ እርጥብ ነበር። ጥቁሩን እየዘገነች አወጣች፣ እያወጣችም አለቀሰች፤ እስኪመሽ ድረስ በባዶ እጇ አወጣችው። ግድግዳው አሁን ክፍት ነው። ከተማሪዎቻቸው መካከል ከቀብሩ በኋላ ጊዜ ያለው፣ ዝናቡ ሳይደርስ ቢመጣላት ትለምናለች፤ አፈሩን ራሷ ትነፋለች።

ወንድማችን ትክክል ነበሩ። ይህን ቃል በጆሯቸው መስማት የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ሊሰሙት መጥተዋል፤ የሰማችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳያስጠብቅ ይቀበል። በእህታቸው ደጅ የጠበቁት ይበቃቸዋል።